የአያት ስምና የአያት መልክ



በጅቡቲ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ቅጽ መሙላት አዲስ ነገር አይደለም። የመኖሪያ ፈቃድ ሲታደስ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ፓስፖርት ሲወጣ ሦስት ባዶ ቦታዎች ይጠብቁናል፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። የፈረንሳይኛው ቅጽ የቤተሰብ ስም ብሎ ሲጠይቅ ደግሞ፣ በባህላችን የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለን፣ ብዙዎቻችን የአያታችንን ስም እንጽፍበታለን። ስለዚህ እዚህ የተወለደ ልጅ የአያቱን ስም ከልደቱ ቀን ጀምሮ ይዞ ይኖራል። በክፍል ውስጥ ስም ሲጠራም «አቤት» የሚለው በአያቱ ስም ሊሆን ይችላል። ይሁንና ያንኑ ልጅ «አያትህ መልካቸው ምን ዓይነት ነው?» ብለን ብንጠይቀው የሚመልሰው የሚያጣ ጥቂት አይደለም።

በዚህ መጽሔት ስለ ኮሙኒቲያችን ጉዞና ስለ ሥራዎቹ ሌሎች በሰፊው እንደሚጽፉ አምናለሁ። እኔ የመረጥኩት ስለ አያትና ስለ ልጅ ልጅ፣ እንዲሁም የሰውን እውነተኛ መልክ መዝግቦ ስለሚያቆየው ሥዕል ታሪክ ጥቂት ለመጻፍ ነው። የጅቡቲ ከተማም በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ድርሻ አላት። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ።

በፓሪስ የሚገኙት ሽማግሌና ሕፃን

በፓሪስ ከተማ በሉቭር ሙዚየም ውስጥ አንድ አነስተኛ ሥዕል አለ። የተሣለው በእንጨት ገበታ ላይ ሲሆን፣ ቁመቱ 62፣ ወርዱ 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሠዓሊው ዶሜኒኮ ጊርላንዳዮ የተባለ የጣሊያን የፍሎሬንስ ከተማ ሰው ነው፤ የተሣለበት ጊዜም 1490 አካባቢ እንደሆነ ይገመታል። ሙዚየሙ ሥዕሉን የገዛው በ1886 ነው። «አንድ ሽማግሌና የልጅ ልጁ» በሚል መጠሪያ በዓለም ላይ በእጅጉ ታዋቂ ነው።

ሽማግሌው ቀይ ልብስ ለብሰዋል። ፀጉራቸው ሸብቷል። አንገታቸውን ደፋ አድርገው ወደ ሕፃኑ ይመለከታሉ። ሕፃኑም ቀይ ለብሷል፤ ከቀይ ቆቡ ሥር ጥቅልል ያለው ወርቃማ ፀጉሩ ወደ ትከሻው ይወርዳል። ትንሿን እጁን በሽማግሌው ደረት ላይ አሳርፎ ሽቅብ ያያቸዋል። በስተጀርባቸው ባለው መስኮት በኩል ጠመዝማዛ መንገድና ተራራ ይታያሉ።

ሥዕሉን ዝነኛ ያደረገው ግን የሽማግሌው አፍንጫ ነው። አፍንጫቸው በበሽታ አብጦ እባጭ በእባጭ ሆኗል። የዛሬ ሐኪሞች ይህን በሽታ ራይኖፊማ ይሉታል፤ የአፍንጫ ቆዳ እየወፈረና እያበጠ የሚሄድበት ሕመም ነው። በዚያ ዘመን በአውሮፓ የሰው የውጭ መልክ የውስጥ ባሕርይውን ይገልጣል የሚል እምነት በብዙዎች ዘንድ ነበረ። ሠዓሊው ቢፈልግ አፍንጫውን አሳንሶ፣ የፊቱን መጨማደድ አቃልሎ፣ ሽማግሌውን አሳምሮ መሣል ይችል ነበር። እሱ ግን ያየውን እንዳየው ሣለ። ሕፃኑም ከዚህ ፊት ሲሸሽ አናይም። እንዲያውም የበለጠ ሲጠጋ ነው የምናየው። ልጅ በአያቱ ፊት ላይ የሚያየው ፍቅርን ነውና አፍንጫውን ቁም ነገር አላለውም።

ስለ ጊርላንዳዮ ጥቂት እንጨምር። የተወለደው በ1449 አካባቢ፣ የሞተው በ1494 ነው። አባቱ ወርቅ አንጥረኛ ነበር። ጊርላንዳዮ የሚለው ቅጽል ስምም አባቱ ለፍሎሬንስ ልጃገረዶች ይሠራው ከነበረው የራስ ጌጥ የመጣ ነው ይባላል። የሠዓሊዎችን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ጆርጆ ቫዛሪ እንደሚለው፣ ጊርላንዳዮ ገና ወጣት ሳለ በአባቱ ሱቅ ደጃፍ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ በቅጽበት ቁርጥ አድርጎ ይሥል ነበር። በኋላም ዝነኛው ሚኬላንጄሎ በልጅነቱ በእሱ የሥዕል ቤት ገብቶ ተምሯል።

ስሙ የጠፋ ሰው

እንግዲህ እኚህ ሽማግሌ ማን ናቸው? የሕፃኑስ ስም ማን ይባላል? ከ500 ዓመት በላይ አልፎ፣ ሽማግሌው እገሌ ናቸው፣ ልጁም የእገሌ ልጅ ነው የሚል ሰነድ የለም። አያትና የልጅ ልጅ መሆናቸው እንኳ ከሥዕሉ የተገመተ ነው። ስማቸው፣ ሥራቸውና ሀብታቸው ከታሪክ ወጥቷል። የቀረው መልካቸው ብቻ ነው።

በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ደግሞ ከዚህ ሥዕል ጋር የሚያያዝ አንድ ንድፍ አለ። ንድፉ የእኚሁኑ ሽማግሌ ፊት ያሳያል፤ ዓይኖቻቸው ግን ተከድነዋል። ብዙ የሥነ ጥበብ ታሪክ አዋቂዎች ይህ ንድፍ የተሠራው ሽማግሌው ካረፉ በኋላ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እንደዚያ ከሆነ የቀለሙ ሥዕል የመታሰቢያ ሥዕል ነው ማለት ነው። ይኸውም ሠዓሊው የሞቱትን ሰው ዓይን በሥዕል ገልጦ፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር ፊት ለፊት አገናኛቸው ማለት ነው።

ይህን ግምት የተቀበለ ሰው ሥዕሉን በሌላ ዓይን ያየዋል። አንድ ቤተሰብ ትልቁን ሰው በሞት አጥቷል። ሕፃኑ አድጎ አያቱን ላያስታውስ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ሠዓሊ ጠርቶ፣ ይህ ልጅ እኚህን ሰው እንዲያውቅ አድርግልን ብሎታል። አፍንጫውን ሳይቀንስ የሣለውም ምናልባት ለዚሁ ይሆናል፤ የልጁ አያት እኚህ ናቸውና፣ ሌላ ሰው ቢሣል ለልጁ ምን ይጠቅመዋል?

በዚያው ዘመን በእኛ ሀገር

ኢትዮጵያና ፍሎሬንስ ያን ጊዜ ፈጽሞ የማይተዋወቁ አልነበሩም። በ1441 ከኢየሩሳሌም ገዳም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፍሎሬንስ ደርሰዋል። ጊርላንዳዮ ያን ጊዜ ገና አልተወለደም። እሱ ሽማግሌውንና ሕፃኑን በሚሥልበት ዘመን ደግሞ በዐፄ እስክንድር መንግሥት (1478–1494) ኒኮሎ ብራንካሌዮን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ በኢትዮጵያ ይሠራ ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 ከመልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ይህን ሠዓሊ ከብዙ ዓመት ቆይታ በኋላ እዚያው አግኝቶታል።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ከጻፈው አንድ ታሪክ እንደምንረዳው፣ ብራንካሌዮን በአትሮንሰ ማርያም ቤተ ክርስቲያን እመቤታችንን ልጇን በግራ ክንዷ እንደታቀፈች ሣላት። በአውሮፓ የተለመደ ነበር። በእኛ ዘንድ ግን ግራ ከቀኝ ያነሰ ነውና ሕዝቡ በእጅጉ ተቆጣ ይባላል። ይህ ታሪክ የሀገራችንን ሥዕል ጠባይ በደንብ ያሳያል። ለእኛ አባቶች ሥዕል ክብርን የሚገልጽ ቋንቋ ነበር። የቀኝና የግራ፣ የፊት ለፊትና የጎን አሣሣል ሁሉም ትርጉም አለው።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ኃጥአንና አጋንንት በአንድ ዓይን በጎን ይሣላሉ። የዓድዋ ጦርነት ሥዕሎችን ያየ ሁሉ ይህን ያስታውሳል፤ የእኛ ሰዎች ሁለት ዓይን አላቸው፣ ጠላት ግን በጎን ነው። በዚህ ሕግ የሠለጠነ የጎንደር ወይም የጎጃም ሠዓሊ የፍሎሬንሱን ሥዕል ቢያይ ሳይደነቅ አይቀርም። ያ ምስኪን ሕፃን በጎን ነውና የተሣለው!

ታዲያ አያቶች በእኛ ሥዕል የሉም ማለት አይደለም። የእመቤታችን ወላጆች ሐናና ኢያቄም በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ተሥለዋል፤ ለጌታችን በሥጋ አያቶቹ ናቸው። ስምዖን አረጋዊ ሕፃኑን ታቅፎ ይታያል። እነዚህ ግን ቅዱሳን በመሆናቸው መልካቸው ሁሉ የቅድስና መልክ ነው። ከነገሥታቱም ወገን እቴጌ ምንትዋብን እንውሰድ። እቴጌይቱ ከልጃቸው ከዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ ጋር፣ ከ1755 ጀምሮ ደግሞ ከልጅ ልጃቸው ከዐፄ ኢዮአስ ጋር መንግሥቱን የመሩ አያት ነበሩ። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ንግሥትነታቸውን የሚነግረን ልብሳቸውና ጌጣቸው ነው። ፊታቸው ያ የምናውቀው ትልልቅ ዓይን ያለው የዘመኑ ፊት ነው። በመንገድ ብናገኛቸው በዚያ ሥዕል ልንለያቸው አንችልም።

ስለዚህ በእኛና በፍሎሬንስ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። እነሱ ፊቱን ጠብቀው ስሙን አጡት። እኛ ደግሞ ስሙን ጠበቅን። ትውልድ እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዥላት እያልን ወደ ላይ እንወጣለን። ፊታቸው ግን ከእነሱ ጋር አፈር ገባ።

በጅቡቲ በኩል ያለፈ ትምህርት

የሰውን መልክ እንዳለ የመሣል ትምህርት ወደ ሀገራችን የገባው ቀስ በቀስ ነው። ከመንገዶቹም አንዱ እኛ በምንኖርባት ከተማ በኩል ያልፍ ነበር። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ከዚያ ወዲያ ወደ ፈረንሳይ የሚላክ ተማሪ የተለመደ መንገዱ በባቡር እስከ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ እስከ ማርሴይ ሆነ። ልዑል ራስ ተፈሪም በ1924 ወደ አውሮፓ ሲጓዙ በዚሁ መስመር በጅቡቲ በኩል ነው ያለፉት።

ሠዓሊ አገኘሁ እንግዳ የሄዱት ከዚህ ሁለት ዓመት በኋላ በ1926 ነው። በፓሪስ የሥነ ጥበብ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተምረው በ1933 ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። ሠዓሊ አበበ ወልደ ጊዮርጊስም በፓሪስ የተማሩ የዚያው ትውልድ ሰው ናቸው። በአውሮፓ የሥዕል ቤት ተማሪው የሚሥለውን ሰው ከፊቱ አስቀምጦ፣ ብርሃን በየት በኩል እንደሚያርፍ፣ ጥላ ከየት እንደሚጀምር፣ የጉንጭ አጥንት የት ላይ ከፍ እንደሚል እያየ ይለማመዳል። ይህ ከቀደሙት ሠዓሊዎቻችን አሠራር በጣም የተለየ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የሚሥለውን ቅዱስ ከመምህሩ ከወረሰው አርአያ ነበር የሚያገኘው።

ከጦርነቱ በኋላ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ወደ አሜሪካ ሄደው በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው በ1954 ተመረቁ። ሲመለሱ ወጣቶችን በቤታቸውና ባገኙት ቦታ ማስተማር ጀመሩ፤ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በእሳቸው መሪነት ተከፈተ። ይህ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተብሎ ይጠራል። አቶ አለ በ2016 ሲያርፉ ብዙ የሠዓሊ ትውልድ ትተው አልፈዋል። ተማሪዎች የሰውን ፊት ፊት ለፊት አይተው እንዲሥሉ ከተማሩባቸው ቦታዎች ዋናው ይህ ነው።

ከዚህ ሌላ በቢሾፍቱ የነበሩትን ሠዓሊ ለማ ጉያን (1928–2020) ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። በአየር ኃይል ያገለገሉት እኚህ ሠዓሊ በፍየል ቆዳ ላይ በመሣል ይታወቃሉ። ብራና የለመደ ሀገር ልጅ ናቸውና ቆዳውን ለሰው ፊት አዋሉት። የገጠር ሽማግሌና የባልቴት ፊት፣ ሽበቱና የግንባሩ መስመር፣ በቆዳው ላይ እንደ ሕያው ሆኖ ይታያል። ንጉሥም ቅዱስም ያልሆነ፣ ሲያርስ የኖረ ሰው በሥዕል ተከበረ ማለት ነው። ይህ በሀገራችን የሥዕል ታሪክ ቀላል ነገር አይደለም።

ጉርድ ፎቶና መርዶ

በእርግጥ ለብዙዎቻችን ቤተሰቦች ሠዓሊ ሩቅ ነበር። መልካችንን ያተረፈልን ፎቶግራፍ ነው። በአዲስ አበባ የአርመኑ የቦያጂያን ቤተሰብ ከዐፄ ምኒልክ ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ቆይቶም በየከተማው ፎቶ ቤት ተከፈተ። አያቶች ነጠላቸውን አስተካክለው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ፣ የልጅ ልጅ ከጎን ቆሞ ትንፋሹን ይይዛል። አያቱ አይስቁም፤ ፎቶ የክብር ጉዳይ ነበርና።

ገጠር ለኖሩት አያቶች ግን ይህም ብርቅ ነበር። ለብዙዎቹ የሕይወት ዘመናቸው ፎቶ ከቀበሌ መታወቂያ ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶ ብቻ ናት። ሰውየው ሲያርፉ ያቺው ጉርድ ፎቶ ተነሥታ በትልቁ ትታተማለች፤ በድንኳኑም ትቀመጣለች።

በስደት ያለን ሰዎች ይህን በሌላ መልክ እናውቀዋለን። ሀገር ቤት እናት ወይም አባት ያርፋል። ወዳጆች ተሰብስበው ማልደው መጥተው መርዶ ይናገራሉ። ቤቱ በለቅሶ ይሞላል፤ ጎረቤት ሶማሌውም አፋሩም የመናዊውም ሊያጽናና ይመጣል። እዚህ የተወለዱት ልጆች ደግሞ በር ጥግ ቆመው ያለቅሳሉ። የሚያለቅሱት ግን እናታቸው ስላለቀሰች ነው። የሞቱትን ሰው አያውቋቸውም። ስማቸውን በደብተራቸው ሽፋን ላይ በየዓመቱ ጽፈውታል፤ ፊታቸውን ግን አያውቁትም።

የፍሎሬንሱ ቤተሰብ ሠዓሊ የጠራው እንዲህ ያለውን ቀን ፈርቶ ይመስለኛል።

ለልጆቻችን ምን እናስቀምጥ?

አብረናቸው የምንኖረው የሶማሌ ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን አብቲርሲ ያስተምራሉ፤ የአባት የአያትን ስም እስከ ብዙ ትውልድ በቃል መቁጠር ማለት ነው። ከእኛ የሰባት ቤት ቆጠራ ጋር ዘመድ ነው። ይህን ልማድ በቤታችን ማጽናት መልካም ነው። ነገር ግን የእኛ ዘመን ከአባቶቻችን የተሻለ ዕድል አለው፤ ስሙንም መልኩንም በአንድነት ማስቀመጥ እንችላለን።

በሐምሌና በነሐሴ የጅቡቲ ሙቀት ሲጠና ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደ ሀገር ቤት ይሄዳል። በዚያን ጊዜ አያትና የልጅ ልጅ ለየብቻ ሳይሆን አብረው ፎቶ ይነሡ። ልጁ ወደ ካሜራው እንዲያይ አናስገድደው፤ አያቱን ይይ። አያትም «ሸብቻለሁ፣ ጥርሴ ወልቋል፣ አታንሡኝ» ቢሉ በትሕትና እንለምናቸው። የዛሬ ስልክ ፊትን የማለስለስና መጨማደድን የማጥፋት ዘዴ አለው፤ እሱን እንተወው። ልጁ ከ30 ዓመት በኋላ የሚፈልገው የራሱን አያት ነው።

ሁለተኛው ነገር ፎቶው በስልክ ውስጥ እንዳይቀር ነው። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ይለወጣል። በወረቀት ይታተምና በጀርባው ላይ በእርሳስ የሰውዬው ስም ከነአባታቸው፣ የተወለዱበት አገር፣ ፎቶው የተነሣበት ቀንና ቦታ፣ አብሮ ያለው ልጅ ስም ይጻፍ። ይህን ያህል መስመር አንድ ሰው ጽፎ ቢሆን ኖሮ የሉቭሩ ሽማግሌ ዛሬ ስም ይኖራቸው ነበር።

ሦስተኛው ለልጆቻችን የሚሆን ነው። የሥዕል ዝንባሌ ያለው ልጅ አያቱን ፊት ለፊት አስቀምጦ ይሣል። ባያምርም ግድ የለም። ሰውን ለመሣል ረጅም ጊዜ ማየት ያስፈልጋል፤ ረጅም ጊዜ ያየ ልጅ ደግሞ አይረሳም። አያትም ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ያወራሉ። ልጁ ከሥዕሉ ጋር ታሪኩንም ይዞ ይመለሳል።

ኮሙኒቲያችንም በበኩሉ በየቤታችን ያሉትን የቆዩ ፎቶዎች እየተዋሰ፣ ቅጂያቸውን እያስቀረና ስማቸውን እየመዘገበ አንድ የአያቶች አልበም ቢያዘጋጅ፣ ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ ያለ አይመስለኝም። በባቡሩ ሥራ፣ በወደቡ፣ በንግዱ፣ በሰው ቤት ሠርተው ለዚህ ያበቁን ቀዳሚዎቻችን አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ያሉትም አርጅተዋል። ፊታቸው ፀሐይ የበላው፣ እጃቸው የሻከረ ነው። እንዳለ ይመዝገብ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ቅጹ ላይ ያለችው ሦስተኛ ቦታ በአያት ስም ተሞልታለች። ከስሙ ጎን መልኩን ማኖር የእኛ የወላጆች ድርሻ ነው።

በሀገር ቤት ላሉ አያቶቻችን ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ያለፉትን ነፍስ ይማርልን፤ ልጆቻችንን ለቁም ነገር ያብቃልን። መልካም የኢዮቤልዩ በዓል!